በመዳፍ የተመዘነ ሄድፎን

አሰላ ውስጥ ዕቃ የሚገዛው በመዳፍ ነው። ሰው ሱቅ ይገባል፣ ዕቃውን ያነሳል፣ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከከበደው "ኦርጅናል ነው" ይላል፤ ከቀለለው ከንፈሩን ጣል አድርጎ ይመልሰዋል። የእጅ ባትሪ እንዲህ ይገዛል፣ ቻርጀር እንዲህ ይገዛል፣ ማንኪያ እንኳ እንዲህ ይገዛል። ባለሱቁም ጠባያችንን ስለሚያውቅ ስለ ዕቃው ብዙ አይለፋም፤ "እስቲ ያዢው" ብሎ ያቀብልና ዝም ይላል። እኔም ሳላስበው ሳደርገው ኖሬአለሁ። አሁን ግን አንድ ሰው ዕቃ መዳፉ ላይ አድርጎ ሲመዝን ካየሁ ደሜ ይፈላል።

የዚህ ልማድ ሊቅ አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሳጉሬ ገበያ እህል ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ከጆንያው አንድ እፍኝ ስንዴ ይዘግናል፣ ይመዝነዋል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራታል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። የሞላ ፍሬ መዳፍ ላይ ይከብዳል፤ ውርጭ የመታው ይቀላል። አንድ ጊዜ "ገለባ ነው" ካለ አለቀ፤ ባለእህሉ ቢምል ቢገዘት አይሰማውም። ንግዱን ትቶ አሰላ እኔ ጋ ከገባ ቆይቷል፤ መዳፉ ግን ጡረታ አልወጣም። ዳቦ ስገዛ ይመዝናል፣ ሳሙና ስገዛ ይመዝናል። አንድ ቀን አዲስ ጫማዬን አንስቶ መዘነና "ገለባ ገዝተሻል" አለኝ።

ጡረታ የወጣው ጆሮው ነው። ሰማንያን እየተጠጋ ስለሆነ ሐኪሞቹ "የዕድሜ ነው" ብለው ሸኙን። የጆሮ መስሚያ የሚባለው መሣሪያ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ቤታችን የጩኸት ቤት ሆነ። "አባዬ፣ ሻይ ልቅዳልህ?" የምትለዋን ነገር በጩኸት ሞክሯት። ሻይ መሆኗ ይቀርና ጠብ ትሆናለች። ግቢ ውስጥ ያሉት ተከራዮች የተጣላን ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ስጮህ ስጮህ በእውነት መናደድ ጀመርኩ፤ ሰው አፉን እንደ ቁጡ ሰው ከፍቶ ውሎ ልቡ ሰላም ሊያድር አይችልም። አባቴም በበኩሉ፣ ቀኑን ሙሉ የተቆጡ ፊቶች ሲያይ ይውላል።

እሑድ እሑድ ግን ከጎበሳ ስልክ ይደወልለታል። የምትደውለው ታላቅ እህቱ ናት። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኛም ከዚህ በቀር በሌላ ስም ጠርተናት አናውቅም። እናታቸው የሞተችው አባቴ ገና ዳዴ ሲል ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው አዳዳ ናት። "እንደ ኩንታል ስንዴ ነበር የምትከብደው፤ ወገቤን ያጎበጥከው አንተ ነህ" ትለው ነበር ጤነኛ ሳለች፤ እሱም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቃል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አልጋ ይዛለች ተባለ። ድምጿም አብሮ ተኛ።

ከቤተ ክርስቲያን እሱ ቀድሞኝ ይመለሳል፤ እኔ ከመዘምራኑ ጋር እቆያለሁ። ስመለስ ከአጥሩ ሥር፣ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት አግዳሚ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አገኘዋለሁ። የሚለው አንድ ነገር ነው። "ቶሌ። ቶሌ። ጌታ ይመስገን። ቶሌ።" ቶሌ ማለት እሺ፣ መልካም ማለት ነው።

"ምን አለች?" ብዬ እጮሃለሁ።

"ደህና ናት። ሰላም ብላለች።"

ይህ ብዙ እሑድ ቀጠለ። ጥሪው እያጠረ ሲመጣ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። አንድ እሑድ "ዘንድሮ ስንዴው እንዴት ሆነላቸው?" ብዬ ጠየቅሁት። "ደህና ነው" አለኝ። ስለ አንድ ጆንያ እህል ግማሽ ቀን ሊያወራ የሚችል ሰው "ደህና ነው"! ውርጭ መታው ወይ፣ ዋግ ገባው ወይ፣ ታጨደ ወይ፣ ምንም የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ እህቱ ከምትለው አንዲት ቃል አይሰማም ነበር።

ላውድ ላይ ላድርገው ብዬ ሞከርኩ። የአዳዳ ድምፅ ዘይት እንደገባ ሽንኩርት ተንጫጫ፤ አባቴ ስልኩን ከእጄ መነጨቀኝ። እኔ ሰምቼ ልንገርህ ብለው ደግሞ ባሰ። "የእህቴን ቃል በአስተርጓሚ አልሰማም" አለኝ። በዚያው ሰሞን አዳዳን የምታስታምማት ልጇ ጋ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው። እንደ ባዕድ አናገረችኝ። "የሚባለው ለአባትሽ ተነግሯል። መልሱንም ሰጥቷል። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ብላ ዘጋችው። ቆሽቴ አረረ። ምን በደልናት? አባቴን ብጠይቀው "ሰላምታ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም" አለ። ኩርፊያዋን ይዛ ትቀመጥ ብዬ ተውኳት።

ኑሮዬ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ነው። አንድ ደንበኛዬ የሆነ መምህር ነው መላውን የነገረኝ። የእሱም አባት ስልክ አይሰማም ነበር፤ ሁለቱንም ጆሮ የሚይዝ ሄድፎን ስልኩ ላይ ሲሰካለት ግን ሰማ። ከባድ ነገር አይደለም፣ ርካሽ ነው፣ ገመድ ያለው ይሁን አለኝ። ደስ አለኝ። የሠራሁት ስህተት አባቴን ይዤ ወደ ሱቅ መሄዴ ነው።

ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ባለሱቁ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ቀልጣፋ ሰውዬ ነው። ምን እንደምፈልግ ሳልነግረው አንድ ትልቅ ጥቁር ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ደፋብኝ። ዱም ዱም የሚል ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

"ቤዙን ስሚው!" አለኝ በኩራት።

"ቤዝ አይደለም የምፈልገው" አልኩት አውልቄ። "የሰው ድምፅ ነው። የአሮጊት ድምፅ።"

ከት ብሎ ሳቀ። የአሮጊት ድምፅ ለመስማት ሄድፎን የሚገዛ ሰው አይቶ አያውቅም። ከመደርደሪያው ቀላል የሚመስሉ ታሽገው አየሁና ልሞክራቸው አልኩት። "ከተከፈተ ተሸጠ ማለት ነው፣ የኔ እናት" አለኝ። የሚሞከረው ያ ጥቁሩ ብቻ ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር ሳይሞከር ይገዛል? ጫማ ሳይለካ ይገዛል? ይህን እየተከራከርኩ ሳለ አባቴ አንድ ቀላሉን ከነካርቶኑ አንስቶ መዳፉ ላይ አደረገው። ከፍ፣ ዝቅ። ከንፈሩን አጣመመ። ከዚያ ጥቁሩን አነሳ። ከፍ፣ ዝቅ።

"ይሄ ፍሬ አለው" አለ። "ያ ገለባ ነው።"

"አባባ ዕቃ ያውቃሉ!" አለ ባለሱቁ።

አለቀ። ከዚያ በኋላ የእኔ ነገር ማን ይስማ? አባቴ ጥቁሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ባለሱቁ ያለውን ሲደግምልኝ ሄደ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ከኋላው ተከተልኩት።

ያ ሄድፎን የአባቴን ጆሮ እንደ ጉጠት ነው የያዘው። የእኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው፤ አባቴ የሱፍ ቆቡን የሚያወልቀው ለጸሎት ብቻ ነው። መነጽር ያደርጋል። በቆቡ ላይ አናት የሚይዘው ቅስቱ ተጫነ፣ በመነጽሩ ዘንግ ላይ ስፖንጁ ተጫነ፣ ዘንጉም ሄዶ ጆሮው ሥር ያለውን አጥንት ተጫነው። ሲያወልቀው ጆሮው በርበሬ መስሏል። "ያምማል?" ብዬ ስጮህ "ምቹ ነው" ይለኛል። አንገቱም በክብደቱ ወደፊት ዘንበል ብሎ "ምቹ ነው" ይለኛል። ድምፁን እኔም ሞክሬው ነበር፤ ጎተራ ውስጥ ገብቶ የሚናገር ሰው ይመስላል። ወፍራሙን ያወፍራል፣ ቀጭኑን ይውጣል። የአዳዳ ድምፅ ደግሞ ከቀጭንም የቀጠነ ነው።

እሑድ ስልኩ ተደወለ። "ቶሌ። ቶሌ። ጌታ ይመስገን።" ከዚያም ፈገግ ብሎ "አሁን እሰማለሁ" አለኝ። ዓይኔን እያየ ዋሸኝ! እህል አውቃለሁ ብሎ በገበያ ፊት ገለባ የገዛ ነጋዴ ከመባል፣ ጆሮው ቢላጥ ይመርጣል። ይህን ስላወቅሁ የበለጠ ተናደድኩ፤ ምክንያቱም እልኩ የሚጎዳው እሱን ብቻ አልነበረም። ጎበሳ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሰው የሚሰማት እየመሰላት ለአጥር ታወራለች።

አንድ ቀን ሄድፎኑ በራሱ ጊዜ መንቋቋት ጀመረ። ሲነቀነቅ ቀጭ ቀጭ ይላል። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ለሽምግልና ሄዶ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በቢላዋ ፈለቀቅሁት። ድምፅ የሚያወጣው ክፍል አንድ ጥግ ላይ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ቀጫጭን ሽቦ ተያይዞበታል። ከእሱ ራቅ ብሎ ደግሞ የጣት ያህል ቁራጭ ብረት በሙጫ ተለጥፏል። ሽቦ አልተያያዘበትም። ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም። ሌላኛውን ጆሮ ፈለቀቅሁ። እዚያም አንድ ብረት። የሚንቋቋው ሙጫው የለቀቀው ነው።

ምን እንደሚሠሩ ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ሲገባኝ ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ። ምንም አይሠሩም። የተቀመጡት እንዲከብዱ ነው። እኛ መዳፋችን ላይ አድርገን "ኦርጅናል ነው" እንድንል ነው። የአባቴን አንገት ያጎበጠው፣ ጆሮውን ያቀላው፣ ሁለት ቁራጭ ብረት ነው።

ብረቶቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሱቅ ሄድኩ። የመደርደሪያው መስታወት ላይ ጣል አደረግኋቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ያፍራል ብዬ ነበር። አላፈረም። "ብረት ነዋ" አለኝ። "እህቴ፣ እኔ አልከተትኩትም። ቀላሉንም አምጥቼ አይቼዋለሁ፤ ሰው ያነሳዋል፣ ይመዝነዋል፣ ይመልሰዋል። አቧራ ጠጥቶ ቀረ። የሚሠሩትም ጠባያችንን አውቀው ነው። አባትሽስ ያኔ ምን አሉ?"

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የሚዋሽ ሰው ቢሆን ሰድቤው እወጣ ነበር፤ እውነት የተናገረ ሰው ምን ይባላል? በርጩማውን ሳብኩና ተቀመጥኩ። "ቀላሎቹን ክፈታቸው" አልኩት። "ሳልሞክር ዛሬ ከዚህ አልነሳም። ብረት እንደምትሸጥም ለገባው ሁሉ እናገራለሁ።" አንድ ሴትዮ ቻርጀር ልትገዛ ገብታ መዳፏ ላይ አድርጋው ነበር፤ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ባለሱቁ ያቺን አየና ከታች አቧራ የጠጣውን ካርቶን አወጣ።

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የአባቴን ትርፍ ቆብና አሮጌ መነጽሩን ይዣለሁ። ስልኬ ላይ ደግሞ የራሴን ድምፅ ቀድቻለሁ፤ እንደ አዳዳ ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ታማሚ ሰው፣ የከተሞች ስም በዝግታ እየጠራሁ። ሳጉሬ፣ በቆጂ፣ ጎበሳ፣ ኦጎልቾ። ዘፈን ምን ያደርግልኛል? በዘፈን ሁሉም ሄድፎን ጎበዝ ነው። ቆቡን አጠለቅሁ፣ መነጽሩን ሰካሁ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ዕብድ ገባች ብሎ ይሆናል። ይበል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ግን ቅስቱ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ቆረቆረኝ። ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ አኘክሁ። መንጋጋዬ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከጆሮዬ ይሸሻል። ስልክ የሚያወራ ሰው መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፤ ሲያወሩበት የሚሸሽ ነገር ምን ሊረባ? መለስኩለት። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ በቆዳ መሰል ነገር ተሸፍኖ ጆሮን ጥፍንግ አድርጎ ይይዛል። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ጆሮ ያልባል። ድምፁንም ስሰማ የሳጉሬ "ሳ" የለችም፤ ጨርቅ ተጠቅልሎባት "ጉሬ" ብቻ ቀርታለች። ደካማ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው እንደነዚህ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው። መለስኩለት።

ሦስተኛው ምንም የማይመስል ነገር ነበር። ቅስቱ ቀጭን ሽቦ፣ ስፖንጁ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስስ። ጆሮን አይከብም፤ ላዩ ላይ አረፍ ይላል። ቆቡንም መነጽሩንም አልነካቸውም። ዳቦውን እስኪያልቅ አኘክሁ፣ አንገቴን አዞርኩ፣ ጎንበስ ብዬ የተኛሁ ሰው መሰልኩ። መልበሴን ረሳሁት። ባለሱቁ ዘፈኑን ከፈተበት፤ ቆርቆሮ ውስጥ የሚጮህ ዝንብ መሰለ። ከዚያ የኔን ድምፅ ከፈትኩ። ሳጉሬ ከነ"ሳ"ዋ መጣች። ጎበሳም ከነ"ሳ"ዋ። ድምፁ ስስ ነው፣ ድርቅ ያለ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ፊደል ቆሞ ይታያል።

"ይሄ እኮ ዘፈን ይገድላል" አለኝ ባለሱቁ።

"ይግደል" አልኩት።

ቤት ስገባ አባቴ ተመልሶ ተቀምጧል። አዲሱን እጁ ላይ አኖርኩለት። የሚሆነውን አውቄዋለሁ፤ ቢሆንም ሲሆን ማየት አልቻልኩም። ከፍ፣ ዝቅ። ከንፈር። ጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣት አስቀመጠው።

"ገለባ።"

ያን ጊዜ የጮህኩት ለመሰማት አልነበረም። የእውነት ጮህኩ። ነጠላዬን ፈትቼ ሁለቱን ብረቶች መዳፉ ላይ ዘረገፍኳቸው። እሱም በልማዱ መዘናቸው!

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"ከዚያ ከከባዱ ሆድ የወጣ ነው! ምንም አይሠራም! እንዲከብድ ብለው ነው የከተቱት!"

"ድገሚው።"

ደገምኩት፤ ጆሮው ሥር ሆኜ። የተፈለቀቀውን ሄድፎን አምጥቼ ሙጫው የነበረበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁት። ቀና አለ። ፊቱ ላይ እኔ ልጅ ሳለሁ ሳጉሬ ገበያ መሐል ያየሁት ቁጣ መጣ። ያኔ አንድ ሰው ከጆንያው ሥር ጠጠር ደባልቆ ሊሸጥለት ነበር፤ አባቴ ጆንያውን ገበያተኛው ፊት ገልብጦ ጠጠሩን አንድ በአንድ አስለቅሞታል።

"ስንዴ ውስጥ ድንጋይ!" አለ። "እኔን! ስንዴ ውስጥ ድንጋይ!" ብድግ ብሎ ከዘራውን ፈለገ። ሱቁ ድረስ ውሰጂኝ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ እኔና እሱ በአንድ ነገር ላይ አብረን ተቆጣን። እንደዚያች ሰዓት አባቴን ወድጄው አላውቅም። በጭንቅ አስቀምጬ ቀላሉን ሄድፎን አጠለቅሁለትና የኔን ድምፅ ከፈትኩለት።

"ሳጉሬ" አለ። ጥቂት ቆየና፣ "በቆጂ" አለ። ቀጥሎ፣ "ጎበሳ።"

እሑድ ከመዘምራኑ ጋር አልቆየሁም። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ቆቡን ከሄድፎኑ በላይ ደፋ፣ ባለ ቁልፍ ስልኩን አፉ አጠገብ ያዘ። ተደወለ። "አከም ጅርታ" አላት፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው። ከዚያ ያዳምጥ ጀመር። "ቶሌ" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ፀሐይ ላይ ሆኖ ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። "ድገሚው" አላት። እንደገና አዳመጠ።  መስመሩ ተዘጋ።

ቆቡንም ሄድፎኑንም አወለቀ። ጆሮው የከበደው ሰው ሲናገር ይጮሃል፤ ያን ቀን ግን አባቴ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

"'ዛሬስ ምነው ቶሌ አላልክ?' አለችኝ።"

አልጋ ከያዘች ጀምሮ በየእሑዱ ትለምነው የነበረው አንድ ነገር ነው። በኦሮምኛ "ኮቱ"፣ ማለትም ና። ሳልሞት ልይህ። እሱ በየእሑዱ "ቶሌ" ብሏታል። ቶሌ ባለ ቁጥር ልጇን ቤት አስጠርጋለች፣ መኝታ አስነጥፋለች፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጥላለች። ኋላ ማስነጠፉን ተወችው።

"ባለፈው እሑድ፣ 'እንግዲያው የምትመጣው ለቀብሬ ነው?' ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ዛሬ ነው የነገረችኝ" አለ አባቴ። "እኔ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? 'ቶሌ፣ ጌታ ይመስገን' ብያታለሁ።"

ንዴቴ ማንን ይዞ ይቁም? ብረቱን የከተተውን አላውቀውም። ባለሱቁ እውነቱን ነግሮኛል። "መልሱን ሰጥቷል" ብላ ስልክ የዘጋችብኝ የአክስቴ ልጅ፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እዘጋ ነበር። ለለቅሶ ከሆነ በሌሊት ተነስተን፣ መኪና ተኮናትረን፣ የማንሄድበት የለም፤ በቁሟ ለምትጠራን ሴት ግን ስልክ ይበቃል ብለን ተቀምጠን ነበር። በዚህ ነው የተቆጣሁት። እስከ ዛሬም ቁጣው አልበረደልኝም።

"መኪና ፈልጊ" አለኝ አባቴ።

በማግስቱ በሳጉሬ በኩል አድርገን ጎበሳ ገባን። የአክስቴ ልጅ በሩን ከፍታ "መጣችሁ?" አለች፤ ጉንጯን አልሰጠችኝም። እዚያው በሩ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። አዳዳ ከብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ሆናለች። አባቴ አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጠና ጎንበስ አለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ አይሰማም። ልጇ ጆሮው ሥር ሄዳ የእናቷን ቃል ልትጮህለት ስትል በእጁ ገፋ አደረጋት። "አንቺን አይደለም" አላት።

ያን ጊዜ የአዳዳን ስልክ ከራስጌዋ አንስቼ ወደ አባቴ ስልክ ደወልኩ። ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሄድፎኑን አጠለቅሁለት፣ ገመዱን ሰካሁ፤ የአዳዳን ስልክ አፏ አጠገብ ያዝኩላት። አንድ አልጋ ላይ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው በስልክ ሊነጋገሩ ነው። የአክስቴ ልጅ እያለቀሰች ሳቀች።

አዳዳ ሰላምታ አልሰጠችውም። ስድብ ነው የጀመረችው። በዚያች በሌለች ድምጿ፣ ትንፋሽ እየወሰደች፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ አወረደችበት። እሱም ዝም አላላትም፤ "አልሰማሁም እኮ ነው!" እያለ ይመልሳል፣ እሷ "ዝም በል!" ትለዋለች። ስትደክም ቆም አለችና፣ "ሰማህ?" አለችው።

"ሰማሁ።"

"እንግዲያው ድገመው።" ከእንግዲህ የእሱን እሺታ አታምንም።

አባቴም ደገመላት። "ድንጋይ ጆሮ ብለሽኛል። ጎረቤት አፍሮልኛል ብለሽኛል። ያዘልኩህ ጀርባዬ ይፍረድ ብለሽኛል። የምትመጣው ለቀብሬ ነው ወይ ብለሽኛል።"

"መልስህስ?"

አባቴ ከብርድ ልብሱ ላይ እጇን አነሳና መዳፉ ላይ አኖረው። ከዚያ፣ አስቦት አይመስለኝም፣ የዕድሜ ልክ ልማዱ ሆኖ፣ ከፍ አደረገው። ዝቅ ሊያደርገው ሲል እጁ እዚያው ቀረ።

"ምነው?" አለችው አዳዳ በስልኩ። "ገለባ ሆንኩብህ?"

እኔ ስልኳን ይዤላት ስለነበር ፊቱን ከቅርብ አየሁት። ሰምቷታል።